የዚያ ዓመት ቆስጣ

ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ እሠራለሁ። ጠረጴዛዬ ፊት የሚቆሙት ሴቶች አብዛኛዎቹ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። "ጓሮዬ ጠባብ ናት፣ ውሃም እንደምታውቂው ነው፤ የአጥር ተክል ልትከል ወይስ ቆስጣ?" እኔም መነጽሬን አስተካክዬ፣ ዲፕሎማዬ ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ እንደ ትልቅ ሰው እመልሳለሁ። ቆስጣ በአርባ ቀን ይበላል፣ ግን በየቀኑ ውሃ ይጠይቃል፣ አንድ ቀን ከረሱት ቅጠሉን ይጥላል። ለአጥር የሚሆነው ክትክታ ደግሞ መጀመሪያ ላይ የሞተ ይመስላል፤ አንዴ ሥር ከያዘ ግን ድርቁም ፍየሉም አይነካውም፣ ዓመቱን ሙሉ እንደለመለመ ነው። ሴቶቹ "ይህች ልጅ ተምራለች" እያሉ ችግኛቸውን ታቅፈው ይሄዳሉ። ይህን ዕውቀት ከየት እንዳገኘሁት፣ ዋጋውንም ማን እንደከፈለልኝ ቢያውቁ ከእጄ ችግኝ የሚቀበል አይኖርም ነበር።

ነገሩ የተፈጸመው ሰማንያዎቹ ሊገባደዱ ሲሉ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል ነኝ፣ ከክፍሉም ሁሉ የምበልጥ ይመስለኛል። ለገና የተገዛልኝ ማሰሪያ ያለው ጥቁር ቆዳ ጫማ ነበረኝ፤ በግቢያችን የቀረው ልጅ ሁሉ በሸበጥ ነበር የሚሄደው። ማሰሪያውን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ አድርጌ መቋጠር የተማርኩት በዚያው ሰሞን ስለነበር፣ ያገኘሁትን ገመድ ሁሉ በዚያ ቋጠሮ አስር ነበር፤ የመጋረጃውን፣ የጀሪካኑን፣ አንድ ቀንማ አባቴ ተኝቶ ሳለ የጋቢውን ጫፍ ከአልጋው ጋር።

የምንኖረው ከኤዶ ሂባቅ ጋር በአንድ ግቢ ነበር። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ አክስቴ ባትሆንም ከዚህ ሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። ከፊት ያሉት ሦስት ክፍሎች የእሷ ናቸው፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ የእኛ። መሃሉ ባዶ አፈር ነበር፣ ዶሮ የሚጭረው። ባሏ ካሂን ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። አባቴ ሀብተየስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ካሂን በሕይወት ሳለ ማመልከቻውን ሁሉ የሚጽፍለት እሱ ነበር፣ ማታ ማታም በር ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ይሰሙ ነበር። ኤዶ ሂባቅ ከካሂን የቀራት አንዲት ልጅና አንዲት ፍየል ነበሩ። ልጅቷ ሀምዲ ትባላለች፣ እኩያዬ ናት። ፍየሏ ዐዴይ ትባላለች፣ ነጯ ማለት ነው። ኤዶ ሂባቅ ከሀርሺን ስትዳር አባቷ ከሰጧት መንጋ ዘር የተረፈችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ወተቷን ሻይ ውስጥ ጠብ ሳታደርግ ቀኗን አትጀምርም።

የሳይንስ መምህራችን ቲቸር ማሃድ ነበር ጦሱን ያመጣው። ከጥምቀት በፊት አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "በግቢያችሁ ያሉ ሁለት ተክሎችን አወዳድሩ" ብሎ ጻፈ። ቁመት፣ የቅጠል ብዛት፣ የሚጠጣው ውሃ፣ ጥቅም። በየሳምንቱ ሐሙስ ደብተር አይቶ ይፈርማል። ሌሎቹ ልጆች ደብተራቸውን እንደያዙ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እኔ ግን የተሾምኩ ያህል ተሰማኝ። በአራት ረድፍ አልበቃኝም፣ "ጠባይ" የሚል አምስተኛ ጨመርኩ።

የመጀመሪያው ተክል ችግር አልነበረውም። እናቴ ከሐረር፣ ከእህቷ ቤት ዘር አስመጥታ ከክፍላችን በር ፊት ለፊት አንድ መደብ ቆስጣ ዘርታ ነበር። የአባቴ ደሞዝ ከሁለት ወር ወዲህ አልመጣም፤ መሥሪያ ቤቱ "ምደባ እስኪታወቅ ጠብቁ" ብሎ አስቀምጦታል። ሁዳዴ ሊገባ የቀረው አርባ ቀን ገደማ ነው። ቆስጣው ሃምሳ አምስቱን ቀን ሊያበላን የታሰበ ነበር። የሳህን እጣቢውን፣ የልብስ እጥበቱን ውሃ ሳሙናው ካልበዛ፣ እኔ የታጠብኩበትን ሁሉ እየተሸከመች እዚያ ታፈሳለች።

ሁለተኛውን ተክል ያመጣችው ኤዶ ሂባቅ ናት። ጥር አሥራ አምስት ቀን ከባቢሌ በመጣ የጭነት መኪና ላይ አሥራ አምስት የክትክታ ችግኝ በላስቲክ ከረጢት አስጭና መጣች። ጉልበቴ ድረስ የሚደርሱ፣ ቅጠላቸው ቀጭን፣ ሲነኩት እጅ ላይ የሚጣበቅ ችግኞች ነበሩ። አባቴ ቆፈረ፣ እሷ ተከለች። ከዚህኛው ግንብ እስከዚያኛው ግንብ፣ በእሷ ቤትና በእኛ ቤት መሃል፣ ቀጥ ባለ መስመር፤ ለመተላለፊያ አንዲት ክፍተት ብቻ ትተው።

እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታያቸው ቆየችና፣

"ሂባቅ፣ ይሄ ምን ሊሆነን ነው? ውሃ ሊጠጣብን ካልሆነ" አለች።

"ያንቺስ ቅጠል ምን ይሆናል፣ አባዮ?" አለች ኤዶ ሂባቅ፣ እህቴ ማለቷ ነው። "እኛ ጋ ቅጠል የሚበላው ባለአራት እግር ነው።"

"የእኔው በአርባ ቀን ይበላል።"

"የእኔው በአርባ ዓመትም አይነቀልም።"

እናቴ ወደ ቤት ገባች። እኔ ማሰሮው ጀርባ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። ጥቂት ቆይቶ ኤዶ ሂባቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለአባቴ፣ "ከዚህ ወዲያ እናንተ፣ ከዚህ ወዲህ እኔ። ሱጉሌ ሳይመጣ ሥር መያዝ አለበት" ስትለው ሰማሁ።

በቃ፣ ሁሉ ነገር ገባኝ። ሱጉሌ የሚባል አዲስ ተከራይ ሊመጣ ነው። ኤዶ ሂባቅ ደሞዝ የሌለው ጎረቤት ሰልችቷታል፤ እኛን በአጥር ከልላ ቀስ በቀስ ልታስወጣን ነው። ዓይኗ እያየ አብረዋት የኖሩትን ሰዎች እንደ ዶሮ ልታጥር። ማታውኑ ደብተሬን ከፍቼ መዘገብኩ፦ "ቆስጣ፤ ጥቅም፦ ምግብ። ጠባይ፦ ሰላማዊ። ክትክታ፤ ጥቅም፦ የለም። ጠባይ፦ ተንኮለኛ።" ቲቸር ማሃድ ሐሙስ ዕለት "ተንኮለኛ" በሚለው ሥር አስምሮ የጥያቄ ምልክት አደረገና ፈረመ። ምልክቱን እንደ አድናቆት ቆጠርኩት።

አሁን ሳስበው አንድም ነገር በትክክል አልሰማሁም ማለት አይቻልም። ቃሉን ሁሉ ሰምቻለሁ። ያልገባኝ ማን ለማን እንደሚተክል ነበር። ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎችና ፊታቸው ያለውን አፈር ካሂን በሕይወት ሳለ ለአባቴ ሰጥቶት ነበር፤ በቃል ብቻ፣ ሁለቱ ራዲዮ በሚሰሙበት በር ላይ። ካሂን ሲሞት ወንድሙ ሱጉሌ ከደገሀቡር "ግቢው የወንድሜ ነው፣ እነዚያ ተከራይ ናቸው፣ መጥቼ እረከባለሁ" ብሎ መልእክት ላከ። የማዘጋጃ ቤት ቀያሾች ሊመጡ ነው የሚል ወሬም በከተማው ይናፈስ ነበር። ያኔ በእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚያምነው አንድ ነገር ነበር፤ ቀያሽ ወረቀት ካላየ አጥር ያያል፤ እንጨት ካየ "ትናንት የተተከለ ነው" ይላል፣ የበቀለ አጥር ካየ ግን ይጽፋል። ኤዶ ሂባቅ የባሏን ቃል ነበር መሬት ላይ የተከለችው።

እናቴም ከኤዶ ሂባቅ ጋር አልነበረም ጠቧ። ከአባቴ ጋር ነበር። አንድ ምሽት እራት ላይ እንዲህ ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

"እህቴ ጋ ሐረር እንሂድ። ሥራውም ይገኛል። እዚህ ምን እንጠብቃለን?"

"ደስታነሽ፣ አባቴ እዚህ ነው የተቀበረው። እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት። ሐረር ሄጄ የማን ልጅ እባላለሁ?"

"እኔ ልጄን፣ ናዝሬትን ነው የማየው። እዚህ ደስ እንዳላላት ካየሁ አንድ ቀን አላድርም። እወቀው።"

እኔ ሽሮዬን እያጣቀስኩ "እናቴ እንዴት ትወደኛለች" ብዬ ደስ አለኝ። በእጄ ላይ ምን እንደተቀመጠ አላወቅኩም።

ጦርነቱን በውሃ ጀመርኩ። ኤዶ ሂባቅ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ ታደርጋለች። ድሮ በሯ ደፍ ላይ ነበር የምትታጠበው። ክትክታው ከተተከለ በኋላ ግን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ትወጣና ከአንዱ ችግኝ አጠገብ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ከእጇ፣ ከፊቷ፣ ከእግሯ የሚወርደው ውሃ ሥሩ ላይ ይወድቃል። በሚቀጥለው ሶላት ድንጋዩን ወደሚቀጥለው ችግኝ ታንከባልለዋለች። አሥራ አምስቱን በሦስት ቀን ታዳርሳለች፤ ጠብታ አይባክንም። ያን ያህል ውሃ ቆጣቢ መስኖ በሙያዬ ዘመን አላየሁም፤ ባለፈው ዓመት በአንድ ስልጠና ላይ በፈረንጅ ስም ሲያስተምሩን ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጥቻለሁ።

ያኔ ግን "ጸሎት ተደርጎበታል፤ ውድድሩ ትክክል አይደለም" ብዬ ጻፍኩ። ጽፌም አልቀረሁ፣ እናቴ ከጥምቀት ያመጣችውን ጠበል ከመስኮቱ ላይ አንስቼ በጠርሙስ ክዳን እየለካሁ ለቆስጣው ማጠጣት ጀመርኩ። ለሳይንስ ስል። እናቴ ጠርሙሱ ሲጎድል አይታ "አባትሽ ሳይነግረኝ እየጠጣ ነው፣ ጭንቀቱ ጸንቶበታል" ብላ አዘነችለት፤ ለሁለት ቀንም ስለ ሐረር አላነሳችበትም።

በአምስተኛው ሳምንት ውጤቱ ግልጽ ነበር። ቆስጣው እንደ አባቴ መዳፍ ሰፍቷል፣ አገዳው ነጭ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ። ክትክታው ደብተሬ ላይ ከአንድ ጣት በላይ አላደገም። አሸንፈን ነበር። ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይቆማል። እኔ ግን ድል አድርጌ መቆም አልቻልኩም፣ ጠላቴ እንዲጠፋ ፈለግኩ። ኤዶ ሂባቅ ራሷ "ቅጠል የሚበላው ባለአራት እግር ነው" ብላ የለ? ባለአራት እግሩ ደግሞ የራሷ ነው። በራሷ ፍየል የራሷን አጥር ማስበላት፤ ከዚህ የበለጠ ብልሃት በጅግጅጋ ታስቦ አያውቅም ብዬ አመንኩ።

ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በተቀመጠበት ሰዓት ነበር። እናቴ ለቅበላ ሥጋ ልትገዛ ወጥታለች፣ አባቴም ቤት የለም። ሀምዲ ቁርአን ቤት ናት። ኤዶ ሂባቅ ክፍሏ ውስጥ ጋደም ብላለች። ዐዴይን ከችካሏ ፈትቼ በገመዱ እየጎተትኩ ክትክታው ፊት አቆምኳት።

"ብዪ" አልኳት በሹክሹክታ።

ዐዴይ የመጀመሪያውን ችግኝ አሸተተች። አነጠሰች። ሁለተኛውን በከንፈሯ ጫፍ ነካ አድርጋ ተወችው፣ ከዚያ ምን አድርጌሽ ነው በሚል ዓይን አየችኝ። ወደ ሦስተኛው ልስባት ስል አንገቷን ቀና አደረገች፤ በክፍተቱ በኩል የሆነ ነገር ታይቷታል። ገመዱ ከእጄ ሲሾልክ መዳፌን ላጠው። ስደርስባት ቆስጣው መሃል ገብታ ትነጫለች። በቀንዷ ጎተትኳት፣ በጅራቷ ጎተትኳት፣ ለምኛታለሁ ሁሉ። ፍየል ሲበላ እንዴት ቸኩሎ እንደሚበላ ያላየ ሰው አያውቀውም። መጮኽ አልችልም፣ ኤዶ ሂባቅ ትነቃለች። በመጨረሻ ስትጠግብ ራሷ መጣች። መደቡ ላይ የቀረው የተነጨ ነጭ አገዳና የእኔ የጫማ ኮቴ ነበር፤ ኮቴውን በእግሬ አጠፋሁት። ዐዴይን መልሼ ችካሏ ላይ አሰርኳት፣ አጥብቄ፣ በማውቀው ብቸኛ ቋጠሮ። ከዚያ ቤት ገብቼ መጽሐፍ ገልብጬ ያዝኩ።

እናቴ ስትገባ መጀመሪያ ድምፅ አልሰማሁም። ስወጣ ሥጋውን በላስቲክ እንደያዘች መደቡ ፊት ቆማለች። ከዚያ ወደ ዐዴይ ዞረች፤ ዐዴይ ታስራ ታመሰኳለች፣ ከአፏ ዳር የቆስጣ ቁራጭ ተንጠልጥሏል።

"ሂባቅ" ብላ ጠራች።

ኤዶ ሂባቅ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። መደቡን አየች። ወደ ፍየሏ ሄደች፣ ችካሉ ላይ ጎንበስ ብላ ገመዱን ይዛ ቆየች። ከዚያ ቀና ስትል ዓይኗ በእኔ ላይ አለፈ፤ አልቆመም፣ አለፈ ብቻ።

"እኔ ነኝ" አለች። "አላልቼ አስሬያት ነበር። ተፈትታ አገኘኋትና መለስኳት። ልነግርሽ ስል ቀደምሽኝ፣ አባዮ።"

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ኤዶ ሂባቅ ትዋሻለች። ወዲያው ግን ምክንያቱን ደረስኩበት፤ ሀምዲ ፈትታት እንደሆነ ጠርጥራ ልጇን መሸፈኗ ነው። ይህን በራሴ መድረሴ ራሱ አኮራኝ። አፌን ዘጋሁ፣ ለአሥራ ስምንት ዓመትም እንደዘጋሁ ቀረሁ።

እናቴ ቁጣዋ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። "ሃምሳ አምስት ቀን ነው የበላችብኝ" አለች። ቀጥላም በጅግጅጋ ከሀርሺን ለመጣች ሴት የማይባለውን አለቻት። "የአርብቶ አደር ልጅ ሆነሽ፣ አንዲት ፍየል ማሰር ያቅትሽ?"

የኤዶ ሂባቅ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ፈታችና በራሷ እጅ እንደገና አሰረች።

በማግስቱ ቅበላ ነበር። ጠዋት ዐዴይ ከእኛ በር ፊት፣ ከባዶው መደብ አጠገብ ታስራ አገኘናት። ኤዶ ሂባቅ በእሷ በኩል ከክትክታው ኋላ ቆማለች።

"የበላችው የእናንተን ነው፤ ከእንግዲህ የእናንተ ናት" አለች። "በእኛ ደንብ እንዲህ ነው። መልሼ አልቀበልም።"

አባቴ ሊመልስላት አንድ እርምጃ ሄዶ ፊቷን ሲያይ ተወው። ሰኞ ሁዳዴ ገባ። የሚጾም ቤት፣ ቆስጣ የሌለው፣ የምታልብ ፍየል ያለው ሆንን። እናቴ ዐዴይን እያለበች ወተቱን ምን ታድርገው? መድፋት ኃጢአት ነው፣ መጠጣት ጾም መሻር ነው። እኔ በበኩሌ ሁለቴ ሽሬያለሁ፤ ሦስቴ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ወተቱን በጣሳ አድርጋ በክትክታው ላይ ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ "ሂባቅ፣ እንካ፣ ሳይበላሽ" አለች። ኤዶ ሂባቅም ተቀበለች። ማታ ጣሳው ምስር ተሞልቶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቀን ሩዝ። እንዲህ እያለ ሃምሳ አምስቱ ቀን አለፈ፤ ጠዋት ወተት ወደዚያ፣ ማታ እህል ወደዚህ። በሁለተኛው ሳምንት ፊት ማዞሩ ቀረ፤ በሦስተኛው ጣሳውን ከሰጡ በኋላም ቆመው ያወሩ ጀመር። ስለ ሐረር የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ፍየል ያላት ሴት እንዲህ በቀላሉ ጓዟን አትጠቀልልም።

ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት ሱጉሌ መጣ። አዲስ ተከራይ ሳይሆን ጺሙን በሂና ያቀላ ረጅም ሰውዬ ሆኖ አገኘሁት፤ አብሮት ሜትር የተሸከመ ወጣት ቀያሽ አለ። ሱጉሌ ግቢውን በእጁ ከግንብ እስከ ግንብ አሳየ። ኤዶ ሂባቅ መሃል ገባች።

"ከዚህ ወዲያ የሀብተየስ ነው። ካሂን የሰጠው ነው። ይኸው አጥራቸው።"

ሱጉሌ ጉልበቱን የማይደርሰውን ክትክታ አይቶ ሳቀ። "ይሄ አጥር ነው? መምጣቴን ስትሰማ ትናንት የሰካችው ነው።"

ቀያሹ ወረቀቱን አገላበጠ። "አጥር ካለ በአጥሩ ነው የምለካው" አለ። "ግን ማስታወቂያው የካቲት ላይ ነው የተለጠፈው፤ ከዚያ በፊት የነበረ መሆን አለበት። መቼ ነው የተተከለው? የሚያረጋግጥ ነገር አላችሁ?"

አባቴና ኤዶ ሂባቅ ተያዩ። የሚያረጋግጥ ነገር አልነበራቸውም። አባቴ ሲያልበው አየሁ፤ በሕይወቱ የሰው ሁሉ ወረቀት ሲጽፍ ኖሮ ለራሱ አንድ ወረቀት የሌለው ሰው ነበር።

እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አዋቂ ሰው ሳይንሳዊ ጥያቄ ሲጠይቅ ሰማሁ። ማን ይችለኛል? ሮጬ ደብተሬን አመጣሁና መሃላቸው ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ። "ክትክታ። አሥራ አምስት እግር። የተተከለበት ቀን፣ ጥር አሥራ አምስት። ቦታ፣ በእኛ በርና በኤዶ ሂባቅ በር መካከል። ቁመት..."

ቀያሹ ደብተሩን ተቀበለኝ። በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከቀኑ ጋር፣ የቲቸር ማሃድ ፊርማ። አንድ በአንድ ገለጠው። "ጠባይ፦ ተንኮለኛ" የሚለው ጋ ሲደርስ ከንፈሩን ነከሰ።

"ይህን መምህር የት አገኘዋለሁ?" አለ።

ትምህርት ቤቱ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ነበር። ሄዶ ጠይቆ ሲመለስ ሜትሩን ዘረጋ። የሁለታችንንም ይዞታ ለየብቻ ለካ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍም ክትክታውን ሊራመደው ሲችል ዞሮ በክፍተቱ በኩል አለፈ። ሱጉሌ ይህን ሲያይ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። አባቴ ከመሬት አንስቶ አቀፈኝ፣ ጢሙ ጉንጬን ወጋኝ፣ ፊቱ እርጥብ ነበር። ለሳይንስ እንዲህ የሚያለቅስ አባት ያላት ልጅ እኔ ብቻ መሆን አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ለካ ቤታችንን ለማስወሰድ ስሠራ ከርሜ ቤታችንን አትርፌ ነበር፤ ማትረፌን የነገረኝ እሱ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ። ያኔም የደብተሩን ብቻ ነው የነገረኝ፤ የፍየሏን ነገር እሱም አያውቅም። ዐዴይ እኔ የመረጥኩላትን ክትክታ የሚወድ ምላስ ቢኖራት ኖሮ ዛሬ የት እንደምንኖር እንጃ።

ቲቸር ማሃድ ከአሥር ስድስት ሰጠኝ። ከግርጌው፣ "ከጠባይ ይልቅ ዕድሜ የሚል ረድፍ ይሻል ነበር" ብሎ ጽፎበታል። በጣም ተናድጄበት ነበር።

አባቴ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። እናቴና ኤዶ ሂባቅ አሁንም እዚያው ናቸው። ክትክታው ከእኔ ቁመት አልፏል፤ በበጋ ቀይ ፍሬው ሲደርቅ ነፋስ በነካው ቁጥር ይንሾካሾካል። እናቴ በዚያችው መደብ ላይ በየዓመቱ ቆስጣ ትዘራለች። እንግዳ ሲመጣም አንዲት ወግ አላት፣ ሳትነግር አታልፍም። "ይህችን ሴት ታያላችሁ? የሀርሺን ልጅ ናት፤ ፍየል ማሰር ግን አታውቅም።" እንግዳው ይስቃል። ኤዶ ሂባቅም አብራ ትስቃለች። እኔም እስቅ ነበር።

ባለፈው እሑድ ክትክታውን ልከረክምላቸው ሄድኩ። የቆረጥኩትን ቅርንጫፍ ሰብስቤ በገመድ ጠቅልዬ አሰርኩ። ኤዶ ሂባቅ ከአጠገቤ ያው የድሮው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯን ዘርግታ። እጄን ስታይ ቆየችና ትከሻዋ እስኪነቀነቅ ሳቀች።

"ምነው ኤዶ?"

በምርኩዟ ጫፍ ቋጠሮውን ነካችው። ሁለቱ የቢራቢሮ ክንፎች።

"ዐዴይን ያሰርሽበት ነው" አለች።

"ሀምዲ መስላሽ..." አልኩ።

"ሀምዲ በሸበጥ ነበር የምትሄደው። በዚህ ግቢ የጫማ ማሰሪያ የነበረው ያንቺ ብቻ ነው። ክትክታው ሥርም የጫማሽና የፍየሏ ኮቴ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ለእማዬ አልነገርሻትም? ፍየልሽን ሰጠሽ፤ ያን ሁሉ ስድብ..."

ኤዶ ሂባቅ እግሯን ሰበሰበች። "እናትሽ ምክንያት ነበር የምትፈልገው። ልጄ አጥሩን ልታስበላ ሞከረች፣ ልጄ እንኳ እዚህ መኖር አልወደደችም ብላ በነጋታው ሐረር ነበረች። አባትሽም ተከትሏት ይሄዳል። እኔ ባሌ ሞቷል፣ ሱጉሌ ደጄ ቆሟል። ፍየል አገኛለሁ ብዬ ነው። ጎረቤት ግን ከየት አመጣለሁ?" ችካሉ የነበረበትን ቦታ በምርኩዟ ጠቆም አደረገችና፣ "ደግሞ አላገኘሁም። እንደ ዐዴይ ያለች ፍየል ሁለተኛ አላገኘሁም" አለች።

አፈርኩ። ዲፕሎማዬም፣ መነጽሬም፣ ለሴቶቹ የምሰጠው ምክር ሁሉ ከላዬ ላይ ወደቀ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየእንግዳው ፊት ስሟ ሲነሳ ስቃለች፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ስስቅ እያየችኝ።

ከወዲያ በኩል እናቴ ቆስጣ እየቀጠፈች ነበር። "ምንድነው እሱ የሚያስቃችሁ?" ብላ ጠየቀች።

"ምንም አይደለም፣ አባዮ" አለች ኤዶ ሂባቅ። "የፍየሏን ነገር አስታውሰን ነው።"

"ኧረ ተይው፣ ያን ማሰር ያቃተሽን?" አለች እናቴ እየሳቀች።

ገመዱን አስቀምጬ ተነሳሁ። በክፍተቱ በኩል ወደ እኛ ዞርኩ፣ መደቡ ፊት ደርሼ ቆምኩ።

"እማዬ" አልኳት፣ "የዚያን ዓመት ቆስጣ ያስበላሁት እኔ ነኝ።"